አርፒኤም፣ ፍላትፓክ ወይስ ስናፕ? ለቢሮ ሊኑክስ ከመክፈላችሁ በፊት

ለድርጅታችሁ ሬድ ሃት የሚባለው ኩባንያ የሚሸጠውን ሲስተም፣ ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 10ን፣ ልትገዙ ካሰባችሁ አንድ ነገር ቀድማችሁ እወቁ። የሰነድ መሥሪያው ሊብሬኦፊስ በአርፒኤም፣ ማለትም በሬድ ሃት ነባር የፕሮግራም ጥቅል፣ አብሮት አይመጣም። የሥዕል መሥሪያው ኢንክስኬፕና የኢሜይል ፕሮግራሙ ኢቮሉሽንም እንደዚያው። ሬድ ሃት ሊብሬኦፊስን እንደሚተው እ.ኤ.አ. በ2023 ተናግሮ ነበር፤ በ2025 10ኛው ስሪት ሲወጣ ያለውን ፈጸመ፣ አሁን መንገዱ ፍላትፓክ የሚባለው ሌላ የፕሮግራም ጥቅል ነው። ሌላው የሊኑክስ ዓይነት ኡቡንቱ ደግሞ ከስሪት 22.04 ጀምሮ ብራውዘሩን ፋየርፎክስን፣ ከ24.04 ጀምሮ የኢሜይል ፕሮግራሙን ተንደርበርድን ስናፕ በሚባል የራሱ ጥቅል ያቀርባል። ስለዚህ ዛሬ ሲስተም ስትመርጡ የፕሮግራም አጫጫኑንም አብራችሁ እየመረጣችሁ ነው።

አርፒኤም የለመድነው ነው። ፕሮግራሙ የሲስተሙን ላይብረሪዎች (ብዙ ፕሮግራሞች የሚጠቀሙበትን ዝግጁ ኮድ) ይጋራል፣ ብዙ ቦታ አይፈጅም። ችግሩ ከሲስተሙ ጋር አብሮ ማርጀቱ ነው። አንድ የሬድ ሃት ስሪት ለ10 ዓመት ይደገፋል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ አዳዲስ ፕሮግራሞችን በአሮጌ ላይብረሪዎች ላይ ማስኬድ ለአቅራቢው ራስ ምታት ነው።

ፍላትፓክ የሚፈታው ይህን ነው። ፕሮግራሙ ላይብረሪዎቹን ከሲስተሙ ሳይሆን ራንታይም ከሚባል የጋራ ጥቅል ያገኛል። የመጀመሪያዋን ትንሽ ፕሮግራም ስትጭኑ በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ሲወርድ አትደንግጡ፤ የሚወርደው ራንታይሙ ነው፣ ቀጣዩ ፕሮግራም ያንኑ ከተጠቀመ ድጋሚ አይወርድም።

ፍላትፓክ ፕሮግራሙን ከቀረው ሲስተም ለይቶ ስለሚያጥርበት ሳንድቦክስ ግን የሚባለውን ሁሉ እንዳለ አትቀበሉ። በደንብ ሲሠራ በጣም ደስ ይላል፦ ፋይል ልትከፍቱ ስትሉ የሚመጣውን መስኮት የሚያሳየው ፕሮግራሙ ሳይሆን ከሳንድቦክሱ ውጭ ያለው ፖርታል የሚባል አገናኝ ነው፣ ለፕሮግራሙም የሚሰጠው እናንተ የመረጣችሁት ፋይል ብቻ ነው። አዘጋጁ ግን ገና ከመጀመሪያው ሙሉውን ሆም ፎልደር (የግል ፋይሎቻችሁን ሁሉ) እንዲያይ ፈቅዶለት ከሆነ ይህ ሁሉ ጥበቃ ትርጉም የለውም። እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞች ደግሞ ብዙ ናቸው። ፈቃዱን ሳታዩ አትጫኑ፤ ከበዛባችሁ ኦቨርራይድ በሚባለው የፍላትፓክ ትዕዛዝ ቀንሱት።

ምንጩንም እዩ። ሬድ ሃት የራሱ የፍላትፓክ ማከማቻ አለው፣ ምርጫው ግን ጥቂት ነው። ለሁሉም ክፍት በሆነው ትልቅ የፍላትፓክ ማከማቻ፣ ፍላትሃብ ላይ፣ የማይገኝ የለም ማለት ይቻላል፤ ሆኖም እዚያ ያለው ሁሉ በዋናው ገንቢ የተዘጋጀ አይደለም። ለቢሮ ማሽን አዘጋጃቸው የተረጋገጠላቸውን ፕሮግራሞች ብቻ እንዲያሳይ አድርጋችሁ ብታስገቡት ይሻላል፣ ይህ ምርጫ ራሱ ፍላትፓክ ውስጥ አለ።

ስናፕ ከዴስክቶፕ አልፎ የሰርቨር ፕሮግራሞችንም ይይዛል። በቀን አራት ጊዜ እየፈተሸ ራሱን ያድሳል፤ አይቲ ሠራተኛ ለሌለው ቢሮ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። እያንዳንዱን ለውጥ ሞክሮ ለሚያሠራጭ ክፍል ግን ያስቸግራል፣ ማሻሻያውን ይዞ ማቆየት ቢቻልም። እኔን የማይመቸኝ ስቶሩ አንድ ብቻ፣ እሱም በኡቡንቱ አዘጋጅ ኩባንያ በካኖኒካል እጅ መሆኑ ነው፤ የሰርቨሩ ኮድም ዝግ ነው። ሬድ ሃት ላይ ስናፕን ኢፔል ከሚባለው የተጨማሪ ፕሮግራሞች ማከማቻ ወስዶ መጫን ይቻላል፣ ግን አልመክርም፤ የስናፕ ጥብቅ ከለላ የሚመካው አፕአርመር በሚባል የደህንነት መቆጣጠሪያ ላይ ሲሆን ሬድ ሃት የሚጠቀመው ሌላውን፣ ኤስኢሊኑክስን፣ ስለሆነ ጥበቃው ጎዶሎ ይሆናል።

እኔ ብሆን ሬድ ሃት ላይ ፍላትፓክ፣ ኡቡንቱ ላይ ስናፕ እይዛለሁ። እየታገሉ ማቀያየር ትርፍ የለውም። ሬድ ሃት ላይ ግን ፋየርፎክስን ከአርፒኤም አላወጣም፣ 10 ላይም አለ። የይለፍ ቃል ማስቀመጫችሁ ከብራውዘሩ ውጭ ካለ ፕሮግራም ጋር የሚነጋገር ከሆነ ወይም በስማርት ካርድ የምትገቡ ከሆነ ሳንድቦክሱ መሀል ገብቶ ያስቸግራችኋል።

ለለውጡ ገና ካልተዘጋጃችሁ ደግሞ 9ኛው ስሪት አለላችሁ። ሊብሬኦፊስ እዚያ በአርፒኤም ይገኛል፤ ሬድ ሃትም ስሪቱ እስከሚያበቃበት እስከ 2032 ድረስ የደህንነት ክፍተቶቹን እየደፈነ እንደሚቆይ ቃል ገብቷል።