አይጠየፍን ለማየት ደሴ ከወጣችሁ

ኮምቦልቻ እየሠራሁ ደሴ ስንቴ ተመላልሻለሁ፤ የድሮውን የግብር አዳራሽ፣ አይጠየፍን ግን ገብቼ ያየሁት ባለፈው ቅዳሜ ነው። እናቴን ይዤ ሄድኩ። መንገዱ በሐረጎ ዳገት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሚኒባሱ እስኪሞላ ስለማይነሳ በጠዋት ውጡ። ጃኬትም ያዙ፣ የጦሳ ተራራ ብርድ የኮምቦልቻን ሰው አይምርም።

አዳራሹን ያሠሩት የልጅ ኢያሱ አባት ንጉሥ ሚካኤል ናቸው፤ በ1906 ዓ.ም. የወሎና የትግራይ ንጉሥ ተብለው የነገሡት። ግብር የሚበላበት ቤት ነው። ስሙም ማንንም አይጠየፍም ለማለት ነው።

ስፋቱ በጣም ገረመኝ። እናቴ መሃል ላይ ቆማ ነጠላዋን አስተካከለችና «ይኼን ሁሉ ሰው ማን አስተናገደው?» አለች። ዕድሜዋን ሙሉ ድግስ ስትደግስ የኖረች ሴት ናት፤ እና ዓይኗ የሚሄደው ወጡ በየት ይገባል፣ ጠላው የት ይቀመጣል፣ አሳላፊው በየት ይዞራል ወደሚለው ነው።

እኔ ጠበቃ ነኝና ያሰብኩት ችሎቱን ነው። ያኔ ቤተ መንግሥት ማለት ፍርድ ቤትም ነበር። ታች ያሉት ዳኞች አልፈርድ ያሉት ባላገር «አቤት!» እያለ እስከ ገዥው ችሎት ይዘልቃል። እኔ ዛሬ መዝገብ ቤት መስኮት ላይ ቆሜ የማልመውን ነገር ያ ሰው በጉሮሮው ነበር የሚጠይቀው። ይህን እያሰባችሁ ግቡ፣ ቤቱ ሌላ ይሆንባችኋል።

ቅር ያለኝ ከከተማ ይዘነው የሄድነው አስጎብኚ ነው። የሸመደደውን በአሥር ደቂቃ ጨርሶ ስልኩን ማየት ጀመረ። እናቴ «ንጉሡ ክርስትና ከመነሣታቸው በፊት መሐመድ ዓሊ ይባሉ ነበር፣ ሕዝቡም ብዙው ሙስሊም ነው፤ የግብሩ ሥጋ እንዴት ነበር የሚታረደው?» ብላ ጠየቀችው። ዝም አለ። ወሎ ውስጥ ዛሬም ሠርግ ሲደገስ ለሙስሊሙ ለብቻ ይታረዳል፤ ስለ አይጠየፍ መጠየቅ ያለበት ዋናው ጥያቄ እኮ ይሄ ነው! አስጎብኚ ከመያዛችሁ በፊት አንድ ሁለት ነገር ጠይቃችሁ ፈትኑት። ከተቻለ ደግሞ የደሴን ሽማግሌ ይዛችሁ ሂዱ።

ጊዜ ካላችሁ ንጉሥ ሚካኤል ያሠሩትን መድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያንንም እዩት። እኛ አልደረስንም። ልንወጣ ስንል እናቴ ተመልሳ ገብታ አዳራሹን ከጫፍ እስከ ጫፍ በእርምጃዋ ለካችው፣ ለእህቷ ልትነግራት።