የበጋ ውሃ ግምት፦ ከካርታው ወይስ ከወንዙ ዳር?

ጣና ዙሪያ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ግልገል አባይ የፍሰት መለኪያ ጣቢያ አላቸው። ብዙዎቹ ትንንሽ ገባሮች ግን የላቸውም። ታዲያ በሚያዝያ ስንት ውሃ እንደሚቀራቸው በምን እናውቃለን?

አንዱ መንገድ የተፋሰስ ስፋትን፣ ማለትም ውሃው ወደ ወንዙ የሚወርድበትን መሬት ስፋት፣ ማነጻጸር ነው። የጎረቤቱ ጣቢያ ተፋሰስ 1,400 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ የእኛው 200 ቢሆን፣ የጣቢያውን ፍሰት ለ7 ማካፈል ነው። ካርታና ካልኩሌተር ይበቃል።

ግን በበጋ ወንዙን የሚያኖረው ከመሬት ውስጥ የሚወጣው ውሃ ነው። ምንጭ የሚበዛበት የተሰነጣጠቀ ድንጋይ ያለበት ተፋሰስና ሸክላማ ተፋሰስ በስፋት እኩል ሆነው፣ አንዱ ሲፈስ ሌላው ሊደርቅ ይችላል። ፎገራ ላይ ደግሞ ገበሬው ለመስኖ ውሃ በሞተር ይስባል። ስለዚህ ጣቢያው የሚያሳየው የተረፈውን ብቻ ነው።

ሌላው መንገድ በበጋ አራት አምስት ጊዜ ወንዙ ድረስ ወርዶ መለካት ነው። ውጤቱ በዚያው ቀን ጎረቤቱ ጣቢያ ላይ ከተነበበው ጋር ይያያዛል፤ በዚህ ዝምድና የሌሎቹን ቀናት ፍሰት ከጣቢያው ንባብ መገመት ይቻላል። ከዝናብ ማግስት መለካት ግን ያሳስታል። መንገዱ አድካሚ ነው፣ መኪናም ይፈልጋል።

ከብዙ ቦታዎች ጥቂቱን ለመምረጥ ማካፈሉ ይበቃል። ለመጠጥ ውሃ ወይም ለመስኖ ጠለፋ ከሆነ ግን እኔ ያለ ምንም ማመንታት ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ሰው የሚጠጣውን ውሃ ወንዙን ሳያዩ መወሰን ያስፈራኛል።