ያገለገለ ኤሌክትሪክ መኪና፦ ሊፍ፣ አይ-ሚቭ ወይስ አይ3?

ቤታችሁ መኪና የምትሰኩበት ሶኬት ከሌለ ይህን ማንበብ አያስፈልጋችሁም። አፓርታማ እየኖሩ የመጀመሪያዎቹን ኤሌክትሪክ መኪኖች መግዛት ጣጣ መግዛት ነው። ሶኬቱ ያላችሁ ግን፣ በተለይ እዚህ አሜሪካ ለሥራ መመላለሻ ሁለተኛ መኪና የምትፈልጉ፣ እስቲ ሦስቱን እንያቸው።

ኒሳን ሊፍ በ2010 መጨረሻ ነው ለገበያ የወጣው። ባትሪው 24 ኪሎዋት ሰዓት ሲሆን የ2011 ሞዴል በአንድ ቻርጅ 73 ማይል ይሄዳል። አዲስ እያለ ማለቴ ነው። ባትሪው ማቀዝቀዣ ስለሌለው ሙቀት ይጎዳዋል፤ 2012 ላይ አሪዞና ያሉ ባለቤቶች እሪ ያሉት በዚህ ነው። ስለዚህ ከኪሎሜትሩ በፊት መኪናው የት እንደኖረ ጠይቁ። ቀዝቀዝ ያለው ሲያትል የከረመና አሪዞና ሙቀት ውስጥ ፊኒክስ የከረመ አንድ አይደሉም።

ከዚያ ዳሽቦርዱን እዩ። በቀኝ በኩል፣ ከቻርጅ መለኪያው ጠርዝ ላይ፣ 12 ትንንሽ ሰረዞች አሉ። የሚያሳዩት ቻርጁን ሳይሆን የባትሪውን ጤና ነው። የመጀመሪያዋ ሰረዝ የምትጠፋው ባትሪው 15 በመቶ ገደማ ከደከመ በኋላ ስለሆነ ሻጩ «አንድ ብቻ ነው የጎደለችው» ሲላችሁ አትሸወዱ። 8 ከቀረ ደግሞ ሲሶው ሄዷል። ሰረዙን በኮምፒውተር ወደ 12 መልሰው የሚሸጡም አሉ፤ ለጊዜው ሞልታ ትታይና በኋላ ትወርዳለች። ሊፍ ስፓይ የሚባለው የስልክ አፕ የባትሪውን ጤና በመቶኛ ያሳያል፣ ግን እሱም ሊታለል ይችላል። እኔ የማምነው ሙሉ ቻርጅ አስደርጎ ሃይዌይ ላይ 20 ማይል መንዳት ነው። ግማሹን ከበላ ተሰናበቱት።

ከሊፍ የኔ ምርጫ 2015 ነው፤ ባትሪው ሙቀት እንዲችል ተሻሽሏል፣ 84 ማይልም ይሄዳል። የ2011 እና የ2012 ይረክሳሉ፣ ግን ቻርጅ ሲያደርጉ ቀርፋፋ ናቸው፤ ክረምት ላይ ደግሞ ማሞቂያው ባትሪውን ይጠጣዋል።

ሚትሱቢሺ አይ-ሚቭ እንቁላል የመሰለችው ናት። 16 ኪሎዋት ሰዓት፣ 62 ማይል፣ 66 የፈረስ ጉልበት፣ አራት ሰው። ፓርኪንግ የትም ትገባለች። ሃይዌይ ላይ ቤተሰብ ጭኖ ለመሄድ ግን አልመክርም። እዚህ አገር መሸጥ ያቆመችው 2017 ላይ ስለሆነ መለዋወጫዋ እንደ ሊፍ እንደልብ አይገኝም።

ቢኤምደብሊው አይ3 በባትሪ ሁለቱንም ያስከነዳል፣ ምክንያቱም ማቀዝቀዣ አለው። የ2014ቱ 81 ማይል ይሄዳል። ቻርጁ ሲያልቅ ኤሌክትሪክ የምታመነጭ ትንሽ የቤንዚን ሞተር ያለው ዓይነትም አለ፤ ታንኩ ሁለት ጋሎን እንኳ አይሞላም፣ ግን መንገድ ላይ ከመቅረት ያድናል። ችግሩ ሌላ ነው። ጎማው ቀጭን ባለ 19 ኢንች ስለሆነ ሰፈር ጎሚስታ ቤት ላታገኙት ትችላላችሁ። የኋላው በር ደግሞ የፊተኛው ሳይከፈት አይከፈትም፤ በየጠዋቱ ልጅ ትምህርት ቤት ለሚያደርስ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም።

ፈጣን ቻርጅ ላይም አይ3 ይሻላል፤ ሊፍና አይ-ሚቭ የሚጠቀሙበት ቻዴሞ የሚባለው የፈጣን ቻርጅ መሰኪያ አሜሪካ ውስጥ እየቀረ ነው። ሦስቱም ላይ ቢሆን የፈጣን ቻርጅ ቀዳዳው መኖሩን ከፍታችሁ እዩ፣ ሁሉም መኪና ላይ የለም።

ምልልሳችሁ በቀን ከ30 ማይል በታች ከሆነና ገንዘቡ ካጠረ፣ የ2015 ሊፍ ከ10 ሰረዝ በላይ ፈልጉ። ለጥገና መጠባበቂያ ካላችሁ አይ3። አዲስ አበባ ልላከው ለምትሉ ደግሞ፣ እዚያ የበዙት የቻይና መኪኖች የቻርጅ መሰኪያቸው ከአሜሪካው ይለያል። መጀመሪያ እሱን አጣሩ።