ነጥብ በነጥብ ያልሆነለት ካም ሻፍት፦ አዘዞ መንገድ ላይ ያለችው ጋራዥ

ጎንደር ውስጥ ከፒያሳ ወደ አዘዞ ሲወርዱ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብላ ታፔላ የሌላት ጋራዥ አለች። የቆርቆሮ በሯ ተንጋዷል። መቀመጫ ብትሉ አንድ የአይሱዙ ጎማ ነው። ቡና ግን በሩ ላይ አለ።

መኪናዬ አሮጌ ኮሮላ ናት። ሆዷ ውስጥ ያለው ግን ፎር ኤ ጂ ኢ ሞተር ነው፤ 1587 ሲሲ፣ 16 ቫልቭ፣ ሁለት ካም ሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍቱ ዘንጎች)። የአጎቴ ልጅ ከዱባይ ሲመጣ ቫልቩን ከፋብሪካው በላይ የሚከፍቱ ካም ሻፍቶችና የሚስተካከሉ የካም ጥርሶች (ካሙን የሚያዞሩ ባለጥርስ ጎማዎች) ይዞልኝ መጣ። ቴስታታውም (ቫልቮቹን የያዘው የሞተሩ የላይ ክፍል) ቶርኖ ቤት ተልጓል። መጀመሪያ የገጠመልኝ ሌላ ሰው ነበር። የካሙንና የኮሎውን (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) የፋብሪካ ምልክት ነጥብ በነጥብ አገናኘ፣ ሁለቱን የሚያገናኘውን ቺንጊያ ወጠረ፣ "አለቀ" አለኝ። ሞተሩ ተነሳ። ደባርቅ መንገድ ላይ ያለው ኮሶዬ አቀበት ላይ ግን በሦስተኛ ማርሽ እየለመንኳት ነው የወጣሁት። ጭነት የጫነ አይሱዙ ጥሩምባውን እየነፋ አልፎኝ ሄደ። ይኼ እንኳ ይቅር አይባልም።

የዚህች ጋራዥ ዋና መካኒክ ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ሰምተውኝ አልሳቁም። "ነጥቡ ለፋብሪካው ካም ነው ልጄ። ቴስታታ ሲላግ ካሙ ወደ ኮሎው ይጠጋል፣ ቫልቩም ትንሽ ይዘገያል። አንተ ደግሞ ካሙንም ጥርሱንም ቀይረሃል። መለካት ነው እንጂ በምን ይታወቃል?"

መለኪያቸውን ማየት ነበረባችሁ። ሰሃን የሚያክል ክብ ላሜራ ነው፣ ዙሪያውን 360 ዲግሪ ተጭሮበታል። ኮሎው ጫፍ ላይ አሰሩት። ጠቋሚው የልብስ መስቀያ ሽቦ ነው። ፒስተኑ ጫፍ መድረሱን በዓይናቸው አላመኑም፤ እዚያ ሲደርስ ለጥቂት ዲግሪ የቆመ ይመስላልና። ከአሮጌ ካንዴላ ሸክላውን አውጥተው ብሎን በየዱበት፣ በአንደኛው ካንዴላ ቀዳዳ አስገቡት። ኮሎውን በቁልፍ ቀስ አድርገው አዞሩ። ፒስተኑ ብሎኑን ነካ፤ 31። ወደ ሌላው አቅጣጫ መለሱት፤ 27። ላሜራውን ሁለት ዲግሪ አንቀሳቅሰው ደገሙት። 29 እና 29፤ የፒስተኑ ጫፍ ልክ መሃላቸው ነው። "አሁን ዜሮው ዜሮ ሆነ" አሉ።

ቀጥሎ ዲያል ጌጁን (ጥቃቅን እንቅስቃሴ የሚለካ ባለመርፌ መለኪያ) የመግቢያው ቫልቭ ቆብ ላይ አሳረፉ። ቫልቩ ጨርሶ ከሚከፈትበት አንድ ሚሊ ሜትር ሲቀረው 84 ዲግሪ ላይ ነበር። ከፍቶ ሲመለስ ያችው አንድ ሚሊ ሜትር 144 ላይ ተገኘች። መሃሉ 114፤ ቫልቩ ጨርሶ የሚከፈተው እዚያ ነው። ከካሙ ጋር የመጣችው ወረቀት 110 ነው የምትለው።

አራት ዲግሪ መዘግየቷ ነው። ይህ በኮሎ ቆጠራ ነው፤ ኮሎው ሁለቴ ሲዞር ካሙ አንዴ ስለሚዞር ካሙ ላይ ሁለት ዲግሪ ማለት ነው። ቺንጊያውን አንድ ጥርስ ማዝለል አይሆንም፣ ከአስር ዲግሪ በላይ ይወስዳል። የሚስተካከለው የካም ጥርስ የተሠራው ለዚህ ነው። ብሎኖቹን አላልተው ገፋ አደረጉት። ከማጥበቃቸው በፊት ግን ቀና አሉና "የምትነዳት ከተማ ነው ወይስ ደባርቅ መንገድ?" አሉኝ። ደባርቅ አልኩ። "እንግዲያው 108 ላይ እናድርጋት። ከታች፣ ሞተሩ ቀስ ብሎ ሲዞር፣ ትስብሃለች፤ ከላይ፣ ሲፈጥን፣ ትንሽ ታሳጣሃለች።" ጎንደር ራሷ ከባሕር ወለል ከ2000 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው፣ ሞተር ጉልበቱን ሳይወጣ ያጣል። ከታች ብትስብ ይሻለኛል።

ስታርተር ከመነካቱ በፊት ኮሎውን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዞሩት። ቫልቭና ፒስተን አልተጋጩም።

አሁን ቅሬታዬን። "ሁለት ቀን" ተብዬ አምስት ቀን ፈጀ። መለካቱ መብራት አይፈልግም፤ ያዘገየን የቫልቭ ክፍተቱን የሚያስተካክሉት ቁርጥራጮች ነበሩ፣ ቶርኖ ቤት መሞረድ ነበረባቸው፣ መብራት ደግሞ ሁለት ቀን ጠፋ። የእጅ ዋጋ 7 ሺህ ብር ነው፤ ደረሰኝ ግን አላየሁም። ቁጥሮቹንም የሚጽፍ የለም፤ እኔው በስልኬ ፎቶ አነሳኋቸው። እናንተም አንሱ፣ ቴስታታው ድጋሚ ሲወርድ ትፈልጓቸዋላችሁ።

ባለፈው እሑድ ኮሶዬን ወጣሁ። በሦስተኛ ማርሽ፣ ሳልለምናት። የቺንጊያው ክዳን ግን አንድ ብሎን ጎድሎት ይንጫጫል። ሁለቴ ሄጄ ጠየቅኩ። ረዳቱ ሁለቱንም ጊዜ "ነገ ና" አለኝ።