የቆዳ ኮርቻዬ፦ ከቡኻራ እስከ ኦሽ

ከአምስት ወር በፊት የብስክሌቴን የስፖንጅ መቀመጫ ነቅዬ የቆዳ ኮርቻ ገጠምኩ። ወፍራም ቆዳ ከፊትና ከኋላ ብረት ላይ ተወጥሯል፤ ከሥሩ ምንም የለም። ጠፍር አልጋ ላይ ተኝቶ ያደገ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል።

የገዛሁት ለአንድ ጉዞ ብዬ ነው። ከኡዝቤኪስታን ቡኻራ ተነስቼ፣ በሳማርካንድና በታጂኪስታኗ ዱሻንቤ አድርጌ፣ የፓሚርን ተራሮች አቋርጬ ኪርጊዝስታን ኦሽ ለመግባት። የሐር መንገድ ሲራራ ነጋዴዎች የተመላለሱበት አገር ነው። ከመነሳቴ በፊት እዚሁ ጀርመን ሦስት ወር ነዳሁበት። መጀመሪያ ላይ እንደ ጣውላ ነበር፤ ልመልሰው ሁሉ አስቤያለሁ። 600 ኪሎ ሜትር ግድም ስደርስ ግን የመቀመጫ አጥንቶቼ በሚያርፉበት ልክ ሁለት ጎድጓዳ ቦታ አወጣ። ከዚያ ወዲያ የእኔ ሆነ።

ቡኻራና ሳማርካንድ መካከል፣ ናቮይ አጠገብ፣ ራባቲ ማሊክ የሚባል የ11ኛው ክፍለ ዘመን የሲራራ ማደሪያ አለ። ጎልቶ የቀረው ትልቁ በሩ ነው። ከአስፋልቱ ማዶ ባለ ጉልላት የውኃ ማጠራቀሚያ ይታያል፤ ሳርዶባ ይሉታል። እዚያ ስደርስ ሙቀቱ አናት ይበሳ ነበር። ሳርዶባው ጥላ ሥር ቁጭ ብዬ፣ በረሃውን አቋርጠው መጥተው ይህን ውኃ ያዩትን ነጋዴዎች አሰብኩ። የድሮው ስፖንጅ በእንዲህ ያለ ቀን ላብ ይዞ ያቆስለኝ ነበር። ቆዳው ላቡን ይመጥጣል፤ እስከ ኦሽ አንድም ቀን አልቆሰልኩም።

ጠላቱ ዝናብ ነው። ፓሚር ውስጥ ያለችውን የኾሮግን ከተማ እንዳለፍኩ አንድ ማታ ፌስታል ሳላለብሰው አደርኩ። ዘነበ። ጠዋት እንደረጠበ ተቀመጥኩበትና ረገበ። ደንግጬ ከኮርቻው አፍንጫ፣ ከፊተኛው ጫፍ ሥር ያለውን ቆዳ መወጠሪያ ብሎን አጥብቄ አዞርኩት። ከመጠን በላይ ነበር። እስከ አሊቹር መንደር ድረስ ድንጋይ ላይ የተቀመጥኩ ያህል አመመኝ። እባካችሁ፣ ከረጠበ መጀመሪያ ጥላ ውስጥ ይድረቅ። ብሎኑን ከሩብ ዙር በላይ አትንኩት።

ሙርጋብ ላይ ያሳደሩኝ የኪርጊዝ ሽማግሌ ብስክሌቱን ትተው ኮርቻውን አዩ። አውራ ጣታቸውን ቆዳው ላይ ጫን አድርገው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ እጄን ይዘው ወስደው የፈረሳቸውን ኮርቻ አሳዩኝ። በቋንቋ አንግባባም ነበር፤ ግን ያን ማታ ብዙ ያወራን ይመስለኛል።

ከሙርጋብ በኋላ አክባይታል የሚባለው የተራራ ማለፊያ በር ይመጣል። 4,655 ሜትር ነው፤ ከራስ ዳሽን ጫፍ ይበልጣል። ትንፋሽ አጥሮኝ መጨረሻውን በእግሬ ገፋሁ። ብርዱና ደረቁ አየር ቆዳውን ስላደረቀው ካራኩል ሐይቅ ዳር ሆኜ የቆዳ ቅባት ቀባሁት። ስስ አድርጎ መቀባት ይበቃል፤ ከበዛ ቆዳው ይልማል።

ኮረኮንች ላይ ሲጥጥ ይላል፤ ያንን አልወደድኩለትም። ግማሽ ኪሎ መመዘኑ ግን ሻንጣ ለጫነ ብስክሌት ቁም ነገር አይደለም። ለሥራ መመላለሻ ብቻ ለሚነዳና ውጭ ዝናብ ላይ ለሚያቆም ሰው አልመክረውም። ለረጅም መንገድ ግን ሌላ አልገዛም። ወደ 3,000 ኪሎ ሜትር ሄዶ፣ ብሎኑ ገና ብዙ የሚጠብቅበት ጥርስ ቀርቶታል።