አዳማ ከፍዬ አሰላ ያሠራሁት የአባቴ ሞተር ሳይክል

ለዕረፍት አገር ቤት ገብታችሁ የቆየ ሞተር ሳይክል ለማሠራት ካሰባችሁ፣ ቁልፉን ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት ይህን አንብቡ። ከአምስት ሳምንት ፈቃዴ ላይ አሥራ ዘጠኙን ቀን የበላብኝ አዳማ የሚገኝ አንድ ትልቅ ጋራዥ ነው። ስሙን አልጽፍም፤ ያደረገውን ግን አንድ በአንድ እጽፋለሁ።

ሞተሩ በፈረንጆች 1978 የተሠራ ያማሃ ዲቲ 125 ነው። አባቴ በአርሲ የእርሻ ባለሙያ ሆኖ ሲሠራ እስከ ሳጉሬና በቆጂ ድረስ ገበሬ ሲጎበኝበት ኖሮ፣ መሥሪያ ቤቱ በጨረታ ሲሸጠው ገዛው። እኔንም ከፊቱ አስቀምጦ ትምህርት ቤት ያደርሰኝ ነበር። የዚያ ሞተር ድምፅ በሕልሜ ይመጣብኛል። ዓይኑ ደክሞ መንዳት ካቆመ ወዲህ ስድስት ዓመት ቆሟል። ወንድሜ አምና ሲያስነሳው ነጭ ጭስ ግቢውን ሞላው፤ ከፊት ሾኮቹም ዘይት ይወርድ ነበር። ብዙ የቆመ ሞተር ላይ ዘይት በዘንግ ዙሪያ እንዳያልፍ የሚያግደው ቀለበት፣ የኦይል ሲሉ፣ ጎማው ይደርቃል፤ ከንፈሩ ዘንጉን አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል። ይህን ስለማውቅ ሙሉ የሲል ስብስብ ከፍራንክፈርት ገዝቼ በሻንጣዬ ይዤ መጣሁ።

አባቴ «እዚሁ አሰላ የመሥሪያ ቤቱን ሞተሮች ሲጠግን የኖረ ሰው አለ፤ ለእሱ ስጠው» አለኝ። አልሰማሁትም። ይቆጨኛል። ሞተሩን በአይሱዙ አስጭኜ አዳማ ወሰድኩት።

የጋራዡ ኃላፊ በሩ ላይ ተቀበለኝ፣ ቡና አስፈላልኝ፣ ሲሎቹን ቆጥሮ ተረከበኝ። «አራት ቀን፣ ዘጠኝ ሺህ ብር» አለ። በአምስተኛው ቀን ስደውል መብራት ጠፍቷል ተባልኩ። በስምንተኛው ቀን የቶርኖ ባለሙያው ለጥምቀት አገሩ ሄዷል። የምን ቶርኖ? ብዬ ስጠይቅ «ወንድሜ፣ ጭሱ የፒስተን ነው፤ ሲሊንደሩ መቦረሽ፣ ውስጡ መሰፋት አለበት፣ ፒስተንና ፋሻም (የፒስተን ቀለበት) ከአዲስ አበባ አዝዘናል» አሉኝ። ማንን ጠይቀው? ማንንም። ጀርመን አገር ጋራዥ ከሰጠው የዋጋ ግምት ብዙ የሚያልፍ ከሆነ አስቀድሞ ለባለንብረቱ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። እዚህ ግን ሞተሬ ከተፈታ በኋላ ነው የሰማሁት፤ የተፈታ ሞተር ይዞ የት ይኬዳል? ከአሰላ አዳማ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። አንዱን ቀን ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ የአባቴን ሞተር የነካ ሰው አላየሁም። እናቴ ምሳ አዘጋጅታ እየጠበቀችኝ ነበር።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሃያ ስድስት ሺህ አምስት መቶ ብር ከፈልኩ። ደረሰኙ ላይ «ሁሉም ሲል ተቀይሯል» ተብሎ ተጽፏል። አሮጌዎቹን ስጡኝ ስል ተጥለዋል አሉኝ። ከጋራዡ ስወጣ ጭስ አልነበረውም፤ ደስ ብሎኝ ዴራን አልፌ ሽቅብ ወጣሁ። ኢተያ ስደርስ ከኋላዬ መንገዱ አይታይም ነበር። ቤት ገብቼ የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይቱን ባየው ጎድሏል፤ መሬት ላይ ግን አንድ ጠብታ የለም።

አባቴ ምንም አላለኝም። በማግስቱ ወደዚያ ሰው ወሰደኝ።

ጋሼ ሰባ ዓመት ያለፋቸው፣ በራቸው ላይ ማስታወቂያ እንኳን የሌላቸው ሰው ናቸው። ሞተሩን ከመንካታቸው በፊት ጠየቁኝ፦ ካምቢዮ ዘይት ይጎድላል? ይጎድላል። ወደ ውጭ ይፈሳል? አይፈስም። «እንግዲህ እየጠጣው ነው፣ ልጄ» አሉ። እንዲህ ዓይነት ባለ ሁለት ምት ሞተር ቤንዚንና አየሩን በክራንክ ቤቱ፣ ከፒስተኑ ሥር ባለው ክፍል በኩል ይስባል። በፍሪሲዮን በኩል ያለው የክራንክ ሲል ከደከመ የካምቢዮውን ዘይት አብሮ ስቦ ያቃጥለዋል። ነጭ ጭሱ ከዚያ ነው፤ ፒስተን ቢቀየር አይጠፋም። በሌላው ጎን፣ በማግኔቱ በኩል ያለው ሲል ከደከመ ደግሞ አየር ይገባና ሞተሩ ጋዝ ሳይሰጡት ይጮኻል፣ ከልክ በላይ ይግላል።

ሞተሩን አውርደው ፊቴ ፈቱት። የክራንክ ቤቱ መጋጠሚያ ተከፍቶ አያውቅም። ውስጥ ያለው ሲል እንደ ቀንድ ደርቋል። ሾኮቹን ከፈቱ፤ እዚያም አሮጌው ሲል፣ ላዩ ላይ ግሪስ ተቀብቶለት። እኔ ከፍራንክፈርት በእጄ ያመጣሁት፣ ተቆጥሮ የተወሰደብኝ፣ እንደተገጠመ ደረሰኝ የተቆረጠልኝ ሲል የለም። አንጀቴ ተቃጠለ። ስደውል ኃላፊው ስልኩን ዘጋው።

ጋሼ አልተናደዱም። አሮጌዎቹን ሲሎች ጠርገው ላያቸው ላይ የተጻፉትን ቁጥሮች አስነበቡኝ፤ የውስጥ ስፋት፣ የውጭ ስፋት፣ ውፍረት። በካሊፐርም ለክተው አረጋገጡ። ወንድሜ በነዚያ ቁጥሮች መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄዶ በአንድ ቀን ገዝቶ ተመለሰ። የሾኩ ዘንግ ላይ ዝገት የበላው ቦታ ነበር፤ አዲስ ሲል ቢገባ በሳምንት ይቀደዳል ብለው በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ዘይት እየነኩ አለሰለሱት። ዘንጉን በላስቲክ ሸፍነው፣ የሲሉን ከንፈር ግሪስ ቀብተው፣ ሞላ ያለበትን ፊት ወደ ዘይቱ አዙረው በቧንቧ ቁራጭ ዙሪያውን እኩል እየመቱ አስገቡት። በካቻቢቴ የሚመታ ሰው ካያችሁ ሞተራችሁን ይዛችሁ ውጡ። ለሁለቱም ሾኮች ዘይት በመርፌ ለክተው እኩል ሞሉ።

ሦስት ቀን ፈጀ። ለእጃቸው የጠየቁት አራት ሺህ ብር ነው። ልጨምር ስል እጄን መለሱት። አሮጌዎቹን ሲሎች በወረቀት ጠቅልለው ሰጡኝ፤ አሁን ፍራንክፈርት ጠረጴዛዬ ላይ ናቸው። ስማቸው እንዳይጻፍ ለምነውኛል፤ አሰላ ያላችሁ ግን በዕድሜ የገፉትን የእርሻ ሠራተኞች ጠይቁ፣ ያሳዩዋችኋል።

ከመመለሴ ሁለት ቀን በፊት አባቴን ከኋላዬ አስቀምጬ ሳጉሬ ደርሰን መጣን። በመንገድ ላይ ትከሻዬን እየነካ የማን ማሳ የት እንደነበረ ይነግረኝ ነበር። ማታ ከፊት ጎማው ሥር ካርቶን አነጠፍኩ። ሲነጋ ከእኔ ቀድሞ ወጥቶ ካርቶኑን በእጁ ሲዳብስ አገኘሁት። ደረቅ ነበር።