ከድሬዳዋ ለገሃር የሚነሳው የእግር ጉብኝት፦ የሁለት ጦርነቶች ታሪክ

ጉብኝቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ይፈጃል። ከባቡር ጣቢያው በር ተነስቶ፣ በከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ አልፎ፣ የደቻቱን ወንዝ ተሻግሮ መጋላ ሰፈር ላይ ያበቃል።

የጉብኝቱ ጥንካሬ የጦርነትን ታሪክ ከመጀመሪያው ጥይት አለመጀመሩ ነው። የጣሊያኑ መሪ ሙሶሊኒ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በ1922 ሥልጣን ያዘ፣ በ1925 አምባገነንነቱን በግልጽ አወጀ፣ በ1926 ተቃዋሚ ፓርቲዎችን አገደ። ከዚያ በኋላ «ይህ ጦርነት ይቅር» ብሎ የሚያስቆመው ምክር ቤትም ጋዜጣም አልቀረም። በ1934 በኦጋዴን፣ ወልወል ላይ የተነሳው ግጭት ሰበብ ሆነለት፤ በ1935 ወረረን። በሜይ 1936 በሐረር በኩል የመጣው የጄኔራል ግራዚያኒ ጦርና ከአዲስ አበባ በባቡር የመጣው የጣሊያን ጦር የተገናኙት እዚሁ ድሬዳዋ ነው። ሐዲዱ አጠገብ ቆሞ ይህን መስማት ከየትኛውም የክፍል ትምህርት ይበልጣል።

ከሶማሊያ ጋር የተደረገው የ1977ቱ ጦርነት ላይ ግን ጉብኝቱ ይቸኩላል። የሶማሊያው መሪ ዚያድ ባሬ በ1969 ፓርላማውን መበተኑና ፓርቲዎችን ማገዱ ሳይነሳ፣ ትረካው ዘሎ ኦገስት 1977 ከተማችን ላይ የተሰነዘረው ጥቃት ውስጥ ይገባል። በእኛም በኩል መንግሥቱ ኃይለማርያም በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ተቀናቃኞቹን ረሽኖ ሥልጣኑን ጠቅልሎ ነበር። ይህ መነገር አለበት! ጦርነት የከፈተን መሪ «ሰውየው አብዶ ነው» ማለት ምንም አያስረዳም፤ የፈረሰው ሥልጣኑን የሚገታው ልጓም ነው።

ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ጀምሩ፤ ከ4 ሰዓት በኋላ ሙቀቱ አያስቆምም። ከ10 ሰው በላይ ከሆናችሁ ለሁለት ተከፈሉ፣ አለዚያ የባጃጁ ጩኸት የአስጎብኚውን ድምፅ ይውጠዋል።